ከጉድጓድ የወጣው ታንከር

አስቻለች ቀጨኔ ተወልዳ ያደገች የቧንቧ ሠራተኛ ናት። ሙያውን የጀመረችው በሃያ ዓመቷ ነው፤ አሁን አርባ አምስት ሞልቷታል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የመሣሪያ ቦርሳዋን ይዛ ሰው ግቢ ስትገባ «ሠራተኛው የታለ?» ያላላት ጥቂት ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ ሳቁን ተወችው፤ ምላሷም ተሳለ።

ሸጎሌ አዲስ ቤት የሠሩት አቶ ዳኜም የተቀበሏት እንደዚያው ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ግቢያቸው ስለጠበበ አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንከር መሬት ውስጥ ሊያስቀብሩ ፈልገዋል። አስቻለች የተቆፈረውን ጉድጓድ ወርዳ አየችው። ቦታው ወንዝ ዳር ነው፤ ገና በግንቦት ወለሉ ርሷል።

«እዚህ ክረምት ሲገባ ውኃ ከሥር ይመጣል» አለች። «ወለሉ ኮንክሪት ይሞላ፤ ታንከሩም በብረት ቀበቶ ከኮንክሪቱ ጋር ይታሰር።»

«ይታሰር? በሬ ነው እንዴ?» አሉ አቶ ዳኜ። «አፈር ተጭኖት የት ይሄዳል?»

«ባዶ ከሆነ ይነሳል።»

«ስሚ፣ የጠራሁሽ ልትቀብሪ እንጂ ልታስተምሪኝ አይደለም። ካልቻልሽ ወንድ እጠራለሁ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጀና በረንዳ ላይ ሆነው ይሰማሉ። አስቻለች ደሟ ፈላ። ሥራውን ጥላ መውጣት ነበረባት፤ አልወጣችም። «ቆይ፣ ያየዋል!» አለች በሆዷ፤ ታንከሩን ኮንክሪት በሌለበት ጉድጓድ አውርዳ፣ ቧንቧውን ገጥማ፣ አፈር መለሰችበት። ስትወጣ «በክረምት ባዶውን እንዳይተዉት» ብላ ነበር። አቶ ዳኜ በሩን ዘጉባት።

ነሐሴ ላይ አምስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። አቶ ዳኜ «ውኃው ሸተተኝ» ብለው ታንከሩን በፓምፕ አስመጠጡት፤ ማጠቡን ለነገ አቆዩት። ጠዋት በር ሲከፍቱ ታንከሩ አፈሩን ሰንጥቆ፣ የግቢውን ንጣፍ ገልብጦ፣ እስከ ወገቡ ከመሬት ወጥቷል። ቧንቧው ተበጥሷል።

አቶ ዳኜ በቀጥታ ቀጨኔ መጡ። ቁልቁለቱን ወርደው በሯን በቡጢ ደበደቡት።

«አጭበርባሪ! ውጪ! ሰው ሁሉ ይይሽ!»

ጎረቤት ተሰበሰበ። አስቻለች እጇን እንኳ ሳትጠርግ ወጣች።

«ባዶውን ተዉት አይደል?»

«የቀበርሽው አንቺ! የወጣው የቀበርሽው! ፖሊስ ጣቢያ ነው የምወስድሽ!»

«ይውሰዱኛ! እዚያም ይኼንኑ ነው የምናገረው!»

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ አክሊል መሐል ገቡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ሸጎሌ ሄጄ ነገሩን በዓይኔ ልየው አሉና እንደምንም አለያዩአቸው።

እሁድ ዕለት አስቻለች አቶ ዳኜ ግቢ በርሜል ሙሉ ውኃ አዘጋጅታ ጠበቀች። ክዳኑ ጠብቆ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ለአቶ ዳኜ አቀበለቻቸው።

«ይህን ወደ ታች ያስጥሙልኝ።»

አቶ ዳኜ በንቀት ባንድ እጃቸው ተጫኑት። እምቢ አለ። በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ግማሹ ሲሰጥም አምልጦ ወደ ላይ ተስፈነጠረ፤ ውኃው ኮታቸውን አራሰው። ማንም አልሳቀም።

«ጀሪካኑ የሃያ ሊትር ቦታ ልቀማ ሲል ውኃው በሃያ ኪሎ ይገፋዋል» አለች፤ የምታየው ግን ጋሽ አክሊልን ነው። «ጀሪካኑ ራሱ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። በምን አቅሙ ይቀመጣል? ውኃ ብንሞላው አይታገለንም፤ አሸዋ ብንሞላው ይሰጥማል። የእሳቸው ታንከር አምስት ሺህ ሊትር ነው። ጉድጓዱ በውኃ ሲሞላ የሚገፋው ሃምሳ ኩንታል ነው፤ ታንከሩ አንድ ኩንታል ቢመዝን ነው። የራሰ አፈር አይዘውም።»

«ወሬ ነው» አሉ አቶ ዳኜ ኮታቸውን እየጨመቁ። «ይህን ሁሉ ያኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«ነግራሃለች» አሉ ወይዘሮ ጀና። «እዚች በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ!»

ጋሽ አክሊል ወደ አስቻለች ዞሩ። «ልጄ፣ እንደሚነሳ ካወቅሽ ለምን ቀበርሽው?»

አስቻለች አንገቷን ደፋች። «ተናድጄ ነው» አለች። «ይየው ብዬ።»

«አያችሁ! አያችሁ!» አቶ ዳኜ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አንተም ዝም በል!» ጋሽ አክሊል ተቆጡ። «እሷ አውቃ አጠፋች፤ አንተ ሰምተህ አጠፋህ። ዕቃውን አንተ ታቀርባለህ፤ ጉልበቱን እሷ ትችላለች።»

ውሳኔውን ሁለቱም አልወደዱትም፤ ግን ፈጸሙት። ዝናቡ ሲያቆም አስቻለች ታንከሩን አስወጥታ ወለሉን በኮንክሪት ሞላች፤ ታንከሩን መልሳ አውርዳ በብረት ቀበቶ አሰረችው። ሳምንት ሙሉ አቶ ዳኜ ወንበር አውጥተው ከላይ ሲጠብቋት ዋሉ። አንድ ቀን እንኳ «በርቺ» አላሏትም፤ እሷም ቀና ብላ አላየቻቸውም። ወይዘሮ ጀና ውኃ ሲያመጡላት «ከርስዎ ቤት አልጠጣም» ብላ መለሰችው፤ በሴትዮዋ ላይ መጨከኗ ግን ማታ ቆጨት አደረጋት።

የሚቀጥለው ክረምት አልፎ ታንከሩ ንቅንቅ አላለም። አስቻለች ኮንክሪት አላስሞላም ያሉ የሁለት ደንበኞችን ሥራ ጥላ ወጥታለች። ከአቶ ዳኜ ጋር ግን አልታረቁም። በጥቅምት ዊንጌት ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገጣጥመው አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ዳኜ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ አስቻለችም ቦርሳዋን በመሐላቸው አስቀመጠች።