ቆመው የተለኩ ሱሪዎች

በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ በፀጉር አስተካካዩና በጫማ አዳሹ መካከል የተሸጎጠች የልብስ ስፌት ቤት ነበረች። የሚሠሩባት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ የሚውለው ልብስ ሰፊ፣ ሌላዋ ከረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ጨርቅ የምትቆርጠው ሴት። የሰፈሩ ሰው ሴትዮዋን «እትዬ ሜትር» ይላት ነበር። የመለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ያየ ሰው የለምና ስሙ ይገባታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆማ ቆርጣለች። መቀሱን ጨርቅ ውስጥ አንዴ ካስገባች እስከ ጫፉ ድረስ አታነሣም፤ ሰውም ገና ከደጅ ብቅ ሲል ወገቡ ስንት እንደሆነ በዐይኗ ታውቀዋለች።

ከጠረጴዛዋ ትይዩ ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ቀን የሚያይበት የለም፤ የተሰቀለው ለሥዕሉ ነው፤ ከጥቅጥቅ ደን መካከል፣ ከገደል አፋፍ ቁልቁል የሚወረወር ነጭ ፏፏቴ። ደንበኛ ሊለካ ሲመጣ ቀጥ በል፣ ተረከዝህን ግጠም፣ ፏፏቴውን እይ ይባላል። በዚህ ዓይነት የከተማው ሰው እኩሌታው ፏፏቴውን እያየ ተለክቷል። ፏፏቴው ራሱ በአውቶብስ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ከዚያም የእግር ጉዞ ነበር፤ እትዬ ሜትር ግን አንድም ቀን ሄዳ አላየችውም።

በዚያን ዘመን የሚያስቸግራት ጉልበቷ ነበር። ታናሽ እህቷ ነርስ ናት፤ ባሏ ካረፈና ልጆቿ በየፊናቸው ከወጡ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። እሁድ እሁድ ብቅ እያለች፣ መቆሙ ይበቃሻል፣ መቀሱን አስረክቢና እኔ ቤት ግቢ፣ ጓዳው ተጠርጓል፣ አልጋውም ተነጥፏል እያለች ትጨቀጭቃት ጀመር። አንድ እሁድ ጭቅጭቁ ሲመርራት እትዬ ሜትር ወደ ሥዕሉ አመለከተችና፣ እዚያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ውኃውን ብነካስ አለች። እህቷ ሳቀች። በገዛ እግርሽ ደርሰሽ ከነካሽው ይህን ነገር ዳግመኛ አላነሣም፤ ከመንገድ ከተመለስሽ ግን በማግስቱ ጓዝሽን ትጠቀልያለሽ አለቻት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ እትዬ ሜትር እሺ ብላ አረፈችው። ልብስ ሰፊውም ምስክር ሆኖ ሊከተል ተስማማ።

በዚያው ሳምንት ከተራረፈ ጠንካራ ካኪ ለሦስቱም የመንገድ ሱሪ ቆረጠች። እህቷን ለካች፣ ሰፊውን ለካች፣ እሷን ደግሞ ሰፊው ለካት፤ ሁሉም እንደ ቤቱ ደንብ ቀጥ ብለው፣ ተረከዝ ገጥመው። ሰፊው በድርብ ስፌት ሰፋቸው። ካውያው ያወጣላቸው መስመር ዳቦ ይቆርጣል።

የጉዞው ቀን ከአውቶብስ ሲወርዱ፣ እስከ ፏፏቴው የሚያደርሳቸው መንገድ መሪ ገጀራና ቢላዋ ታጥቆ ከደኑ ዳር ጠበቃቸው። ከሲታ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ሦስቱን በአንድ ዓይነት ሱሪ ሲያይ፣ ለሰልፍ ነው ለመንገድ ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ቀድሞ ገባ።

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ዛፎቹ ግን ገና ያንጠባጥባሉ። ጃንጥላ የሚያህል ቅጠል አለ፤ ክንድ የሚያህል ሐረግ ከዛፍ ዛፍ ተጠምጥሟል፤ ሥሮቹ መንገዱን እያቋረጡ ደረጃ ሠርተዋል። አንድ የማይታይ ወፍ ከላይ ያፏጫል። ሰፊው መልሶ ያፏጭለታል፤ ወፉ ዝም ሲል፣ ተቀየመኝ ይላል። ነርሷ በየአሥር እርምጃው ዞር እያለች የእህቷን አረማመድ ታያለች። እትዬ ሜትር በትሯን ተደግፋ፣ እርምጃዋን አሳጥራ፣ ፈገግ ብላ ትከተላለች። ከፈገግታው እኩሌታው የጥርስ ንክሻ ነበር። ማለዳ ተነሥታ ጉልበቷን በፋሻ ጠፍራው ነበርና ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እህቷ ብታይ እጇን ይዛ እንደምትመልሳት አልጠፋትም።

እኩሌታው መንገድ ላይ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ገጠማቸው። ነርሷ እግሯን አንሥታ ስትረግጠው ትርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰፊው ምን ሆነች ብሎ ተንጠራርቶ ሊወጣ ሲል የእሱም ሱሪ መለሰላት። ሁለቱም የኋላቸውን በእጃቸው ይዘው ተያዩ።

ሰፊው አስቀድሞ የተጨነቀው ለስሙ ነበር። ወደ ኋላ እየዳሰሰ መረመረና ፊቱ በራ።

«ስፌቴ አልተነካም» አለ። «የሄደው ጨርቁ ነው። እሱ ደግሞ የቆራጭ ጉዳይ ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ሜትር ወዲያው ገባት። ሠላሳ ስድስት ዓመት የቆመ ሰው ስትለካ ኖራ፣ ዳገት ለሚወጣውም የቆመ ሰው ሱሪ ቆርጣለች። ለመንጠራራት ብላ የተወችው አንዲት ጣት ጨርቅ የለም። የእሷ ያልተቀደደው ጉልበቷ ትልቅ እርምጃ ስለከለከላት ብቻ ነው።

ነርሷ የዝናብ ካፖርቷን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት አልቆምም፣ እንመለስ አለች። ከበታቻቸው ሌሎች መንገደኞች እየተሳሳቁ ሲወጡ ይሰማል።

«መመለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለቻት እትዬ ሜትር።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ እንዴ የቆረጥኩት?»

ሰፊው ከኮሌታው ሥር ክር የተጠመጠመባት መርፌ አወጣ፤ መርፌ ሳይዝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። የጠፋው ጨርቅ ነበር። ቀዳዳው እንዲያው ተስቦ ቢሰፋ በሚቀጥለው ድንጋይ ይሄዳል፤ በመካከሉ ቁራጭ መግባት አለበት። የሁለቱ ሱሪ እግር ጠባብ ነው፤ የሚበቃ ቁራጭ የሚወጣው ለጉልበቷ ስትል እግሩን ሰፋ አድርጋ ከቆረጠችው ከእትዬ ሜትር ሱሪ፣ ከጉልበት በታች ብቻ ነው። ፋሻውም ከጉልበቷ ወደ ታች አንድ ስንዝር ይወርዳል።

ብትቆርጠው ሚስጥሯ ይወጣል፤ ባትቆርጠው መንገዱ እዚህ ያልቃል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ከመሪው ቢላዋ ተቀብላ ወድቆ ከነበረ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱንም እግር ዙሪያውን ቆረጠችው፤ ያለ ጠመኔ፣ ያለ መስመር፣ ግን እንደ ወረቀት ቀጥ አድርጋ።

ነርሷ ፋሻውን አየች፤ በጠርዙ የተነፋውንም እግር አየች። መሪው ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ።

«ይህን ማን አሰረልሽ?»

«ራሴ።»

«እንዲህ የሚታሰረው ጆንያ ነው።»

ነርሷ በረጅሙ ካፖርት ተጠቅልላ የተቀደደውን ሱሪ ለሰፊው ወረወረችለት፤ ራሷ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ የእህቷን እግር ጭኗ ላይ አኑራ ፋሻውን ፈታችው። ከታች ወደ ላይ፣ ረጋ እያለች፣ በሰለጠነ እጅ ትጠመጥመው ጀመር። ራሷን ሳታቀና ተናገረች።

«ለጉልበትሽ ብቻ ብዬ አይደለም የምጨቀጭቅሽ፣ እትዬ። ቤቱ ሰፋኝ።»

እትዬ ሜትር ቁራጮቹን ታስተካክል የነበረው እጇ ቆመ። ይህን ሁሉ ጊዜ በሐኪም ቋንቋ ከምትነግሪኝ እንዲህ ብትይኝ ምን ነበር አለቻት። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የሰፋማ ይጠባል፣ እህቴ። የጠበበው ነው አስቸጋሪው፤ አሁን አላየሽም?» አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌት ቤቱ ሲዘጋ እህቷ ቤት ሄዳ እስከ ሰኞ ማለዳ ልታድርላት ቃል ገባች። መቀሷን ግን ለማንም አልሰጥም አለች። ነርሷ የፋሻውን ጫፍ ሸጉጣ ተነሣች።

«መጀመሪያ ውኃውን ንኪ። በእግርሽ ነው የተባባልነው፤ ያለ ፋሻ አልተባባልንም።»

ሰፊው የነርሷን ጨርሶ የራሱን ለመስፋት ከአንድ ሰፊ ቅጠል ጀርባ ተሸሸገ። ከታች የመጡት መንገደኞች ቅጠሉ ሥር ሁለት ባዶ እግር አይተው ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። ከዚያ በኋላ የወጡት በእትዬ ሜትር እርምጃ ነበር፤ መሪው ከፊት፣ እህቷ ከጎን፣ ማንም ማንንም ሳያጣድፍ። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ቀጥሎ ፊት የሚያረጥብ ነፋስ፤ በመጨረሻም ደኑ እንደ መጋረጃ ተከፈተና ውኃው ከሰማይ እንደሚፈስ ሆኖ ታየ።

ሌሎቹ ሱሪያቸውን ሲጠቀልሉ እትዬ ሜትር ቀጥ ብላ ገባች፤ የእሷ አስቀድሞ አጥሯል። ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ነከረች። እህቷ ከዳር ሆና፣ ነካሽ፣ አበቃ፣ ከእንግዲህ አላነሣውም ብላ በውኃው ድምፅ ላይ ጮኸች። ምስክሩ ግን ፊቱን እየጠረገ ራሱን ነቀነቀ።

«ውኃ ዐይኔ ገብቶ አላየሁም፣ እትዬ። እንደገና ይንኩት።»

ጎንበስ ብላ በፊቷ ነካችው። ሦስተኛውን ማንም አልጠየቃትም።