ጠያቂና መላሽ

በደርግ ጊዜ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። አብሮኝ የተቀጠረው ጓደኛዬ ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና ተልኮ ሲመለስ ቅናት አንገበገበኝ። ዕድሉ ለእኔም ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰብስቦን ስለ አዲሶቹ ሞተሮች አስረዳን። «እያንዳንዱ ሞተር ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ሳጥን አለው። ሳጥኖቹ በአንድ ገመድ ተያይዘዋል፤ ሁሉም የየራሳቸው አድራሻ አላቸው። ጌታ የሚባለው ዋናው መቆጣጠሪያ በአድራሻው ሲጠራው ባሪያ የሚባለው ሳጥን ይመልሳል፤ ካልተጠራ ዝም ይላል» አለ።

የፋብሪካው ካድሬ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጓድ፣ እዚህ አገር ጌታና ባሪያ ቀርቷል» አለው።

ጓደኛዬን ላብ አጠመቀው። «የሞተሮቹ መመሪያ መጽሐፍ እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ተንተባተበ። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። ሆኖም ራሴው አፌን ከፈትኩ። «ጠያቂና መላሽ ብንላቸውስ?»

ካድሬው ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው በሙሉ ጠያቂና መላሽ ይል ጀመር። ቃሉ የእኔ ነበር። በዓመቱ ለተጨማሪ ሥልጠና የተላከው ግን አሁንም እሱ ነው። ሽኝቱ ላይ አቅፎኝ «ስመለስ ሁሉንም አስተምርሃለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ዓይኔ ግን አዲሱ ሻንጣው ላይ ነበር።