ኃይል ከተራራው ይመጣል

ያን ዕለት ከሰዓት ቀበሌ ስብሰባ ተጠርተን እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ጀማልና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል... በደርግ ጊዜ ነው፣ ጎባ።

የከተማው መብራት የሚሠራው በናፍጣ ሞተር ነበር። ናፍጣው ለጦርነቱ ሄደና መብራቱም አብሮት ጠፋ።

«ሐሳብ ያለው?» አለ አዲሱ ካድሬ። ከመጣ ሳምንት አልሞላውም። ስለ ባሌ የሚያውቀው ተራራው ላይ ሰርጎ ገብ አለ መባሉን ብቻ ነው።

ጀማል ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ገና መመለሱ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ከተነሳ ማን ያስቆመዋል! ብድግ አለ።

«ጓዶች፣ ናፍጣ ለምኔ? ኃይል ከተራራው ማምጣት እንችላለን!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እናቴ «ታኢ! ተቀመጥ!» እያለች ኮቱን ጎተተችው። እሱ ግን ሐሳቡን የወደዱለት መሰለው...

«ምን ያህል ኃይል አለ?» አለ ካድሬው ቀስ ብሎ።

«ለጎባም ለሮቤም የሚበቃ!»

«እንዴት ነው የሚገባው?»

«መንገድ ከጠረግንለት ራሱ ይወርዳል። ክረምት ላይማ የሚችለው የለም!»

እውነቴን ነው፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ወታደሮች ወደኛ ሲመጡ አየሁ።

«ውሃውን ነው! የወንዙን ውሃ ነው የሚለው!» ብዬ ጮህኩ።

ጀማልም አሁን ገባው። «አዎ ጓድ... ውሃው ሞተሩን ያዞረዋል ማለቴ...»

«የውሃውን ነገር እዚያ ትነግረናለህ» አለ ካድሬው።

ከካድሬው ጎን የተቀመጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ጎረቤታችን ነው። ጀማልን ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ ምን ማለቱ እንደሆነም ገብቶታል። ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። እሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ወንድሜን ይዘውት ወጡ። «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ተባለ። ማን ይናገር! መብራቱ ሲመለስ በየቤቱ ከአንድ አምፖል በላይ እንዳይበራ ተወሰነ። የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባልን፣ አወጣን። እናቴም አወጣች።

ከዚያ እስር ቤት ስንቅ ማመላለስ ጀመርን። አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰልን። «እናቴ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ» አላት። ያኔ ይቺን ቃል የሰማ ሰው ልጁ እንደተገደለ ያውቃል። እናቴ በሹክሹክታ «ኢና ሊላሂ» አለች። ጮክ ብሎ ማልቀስም ክልክል ነበር።

ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያን ቀን ንግግሩን «ውሃ» ብሎ ጀምሮት ቢሆን ኖሮ... አሁን ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፣ እኔም መብራት በጠፋ ቁጥር ደውዬ የምሰድበው ወንድም ይኖረኝ ነበር።