የኪስ ካሜራ ይዤ ወደ ስንዱ ሰርግ

ዓመቱን በልክ አላስታውሰውም። ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ነው፤ አንድ ዓመት ይሁን ሦስት ግን እንጃ። ወሩ ጥር እንደነበር አውቃለሁ፤ ማሽላው ተወቅቶ አገዳው በግመል የሚጫንበት ሰሞን ነበርና። ሞባይል ቆቦ ገብቷል፤ ፎቶ የሚያነሳውን ግን በእኛ ሰፈር የያዘ ሰው ገና አላየሁም ነበር።

ያስኬደኝ የታላቅ እህቴ የእትዬ ታደሉ ጉዳይ ነው። ልጇ ስትሞትባት ስንዱ የምትባለውን የልጅ ልጇን ገና ጡት እንደጣለች ተቀብላ አሳደገቻት። ልጅቱ ከፍ ስትል አባቷ ወሰዳት፤ ከዋጃ በታች ቆላው ውስጥ ነው የሚኖረው። እንግዲህ ስንዱ ልትዳር ሆነ። እህቴ ደግሞ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ናት፤ መኪና ላይ መውጣት ቀርቶ ደጅ ፀሐይ የምትሞቀው እንኳ ተሸክመናት ነው። አስጠርታ እንዲህ አለችኝ፦

«ሞላ፣ ጉልበት የምትስመው አንተን ነው፤ በእኔ ቦታ ተቀመጥ። ምርቃቱንም አንተ መርቅልኝ። ለእኔ ግን ፊቷን አምጣልኝ። ከቤት በምትወጣበት ሰዓት ምን እንደምትመስል ልይ።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ካሜራውን ተማምኜ ነው። ልጄ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ አንድ ቀን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ብርማ ነው፣ ከገላ ሳሙና አይበልጥም፣ ፊልም የለውም፤ የሚሠራው በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የተጻፈበትን የፈረንጅ ፊደል አላነብም። ልጄ ማብሪያውን፣ ማንሻውንና የተነሳውን ማሳያውን በጣቴ አስነክቶ አለማመደኝ። ሦስቱን ካወቅህ ይበቃሃል አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቆቦ ዋጃ

ሰባት ብር ከፍዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። በግራ ተራራው፣ በቀኝ ሜዳው፤ የታጨደው ማሽላ ጉቶ እስከ ዓይን ዳር ድረስ ተንጣሏል። አገዳ የተጫኑ ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ እግር ያወጣ ክምር የሚሄድ ይመስላል። በመስኮቱ ሁለቱን አነሳሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው የሽንኩርት ነጋዴ እጄን ሲያይ ቆየና «አባባ፣ ሳሙናውን ዋጃ ሊታጠቡበት ነው?» አለኝ። መኪናው ሳቀ። እኔም ሳልቆጣ ዞሬ አነሳሁትና አሳየሁት። አንገቱን ደፍቶ ብዙ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ ሲል ራሱን ጠየቀ፤ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ዋጃ ስንወርድ ፓፓያ ገዝቶ ግማሹን ሰጠኝ።

የዚህ ካሜራ የመጀመሪያ ደጉ ነገር ይሄ ነው። የፎቶ ቤቱ ትልቅ ካሜራ ሲደቀንበት ሰው እንደ እንጨት ይደርቃል። ይሄ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይፈራውም፤ ወዲያው ደግሞ የራሱን መልክ ያየዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቆላው

ከዋጃ ትርፍ ሁለት ድንጋይ ገዛሁና በጋሪ ወደ ምሥራቅ ወረድኩ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቆላው በጥርም ይፋጃል። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ነገሩን አወቅሁ፦ ፀሐይ ሲያርፍበት ምስሉ የሚታይበት የጀርባው መስታወት ይጠቁርና ምን እንደምታነሳ አታይም። ነጠላዬን ተከናንቤ በውስጡ አጮልቄ ማየት ጀመርኩ። ባለጋሪው ዞሮ ሲያየኝ ብርድ ይዞኛል ብሎ አዘነልኝ።

ሰርግ ቤቱ ስደርስ ዳሱ ተጥሏል። ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻ ታርዷል፤ ድስቱም እሳቱም ሁለት ነው። የሙስሊሞቹን ድስት የምታዝዘው የከድር እናት የምትባል ጎረቤት ነበረች፤ ቀጭን ናት፤ ጭልፋዋ አያርፍም፣ ምላሷም አያርፍም። ስንዱ ጓዳ ውስጥ ተከናንባ ተቀምጣለች። ሙሽራ ጉልበት ለመሳም እስክትወጣ ፊቷ አይታይም፤ ስለዚህ የእኔ ዕድል አንዲት ሰዓት ብቻ ናት።

እስከዚያው ጭፈራውን አነሳሁ። ሌላው ክፉ ነገሩ ያኔ ገባኝ። ካሜራው እንደ እኔው ነው፤ ሲጠሩት ወዲያው አይነሳም። ዘላዩ አየር ላይ ሳለ እጫናለሁ፤ ቀጭ የሚለው መሬት ካረፈ በኋላ ነው። ቀድሞ መጫን እንዳለብኝ ተማርኩ።

የጠፋሁት ግን በሌላ ነው። የተነሳ ሁሉ ልየው አለ። ያየው ሚስቱን ጠራ፤ ሚስቱ እህቷን ጠራች። በአገራችን ለአንዱ አሳይተህ ሌላውን ማለፍ ሞሰብ አቅርቦ መልሶ እንደማንሳት ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ቅዳሜ ስንቱን አሳየሁ! እሑድ ጠዋትም ቀጠልኩ። ማሳየቱ ከማንሳቱ ይልቅ ድንጋይ እንደሚበላ ማን ነግሮኝ?

እሑድ

አራት ሰዓት ላይ ካሜራው ቀይ ብልጭ አደረገና ጠፋ። ትርፎቹን ከተትኩ፤ እነሱም አሥር ፎቶ ሳያነሱ ሞቱ። ሱቅ ያለው ዋጃ ነው፤ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት። የሙሽራው ወገን የሚደርሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። አገጬን በመዳፌ ደግፌ ለእትዬ ታደሉ የምመልሰውን አሰላስል ጀመር።

የከድር እናት ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ አየችኝ። «ምነው አያ ሞላ? ሰርግ ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም» አለች። የእህቴን ነገር ሁሉ ነገርኳት። እንስራዋን አስቀመጠች።

«የሬዲዮዬ ድንጋይ ወፍራም ነው እንጂ አውጥቼ እሰጥዎ ነበር» አለች። «ግን ሞተ ብለው ሊቀብሩት ነው እንዴ? የእኔ ሬዲዮ ስንት ጊዜ ሞቶ ተነሥቷል። ያምጡት።»

አራቱንም ድንጋይ ተቀብላ የማድቤቱ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። ወጡን እያማሰለች በየመሐሉ እየወጣች እንደ በርበሬ ታገላብጣቸዋለች። እኔም እኮ ለሬዲዮ ይሄን ሳደርግ ኖሬያለሁ። ካሜራውን ግን የሠለጠነ ነገር አድርጌ ቆጥሬው ትዝ አላለኝም!

ሰዉ አሁንም ፎቶውን ልይ እያለ ይመጣል። እሷ ጭልፋዋን ይዛ ደጁ ላይ ቆመች። «ፎቶው ምድጃ ላይ ነው። እስኪበስል አይከፈትም» ትላቸዋለች። የድሮ ፊልም ቆቦ ሄዶ ታጥቦ ሲመጣ ሳምንት መቆየቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እውነት ነው እያሉ ሌላውን መለሱላት።

ሚዜዎቹ በዘፈን ደረሱ፣ በሉ፣ ጠጡ። ሙሽራዋ ትውጣ ተባለ። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር በእህቴ ቦታ ተቀምጫለሁ። የከድር እናት የተሻሉትን ሁለት ድንጋዮች በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ፣ ሙቀታቸው እንዳለ አምጥታ ጎኔ ቁጢጥ አለች። «ቢስሚላህ ብለው ይክፈቱት፤ ልጅቱ እስክትደርስ ግን እንዳይነኩት» አለችኝ፤ እኔም ድንጋዮቹን ከትቼ ያዝኩት።

ስንዱ ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው እየተንበረከከች መጣች። የእኔ ተራ ሆነ። ማብሪያውን ነካሁ፤ ካሜራው ዓይኑን አወጣ፤ ቀዩ መብራት ግን ብልጭ ብልጭ ይላል። ትልቅ ካሜራ ቢሆን አንድ እጅ አይበቃውም ነበር፤ ይሄን በቀኜ ያዝኩ፣ ግራዬን ለምርቃት ራሷ ላይ አደረግሁ። ጉልበቴን ሳመች። ቀድሜ ማንሻውን ተጫንኩና፦

«ስንዱ፣ አያትሽ ፊቷን አምጣልኝ ብላኛለች» አልኳት።

ሙሽራ ቀና አይልም፤ ወጉ አይደለም። እሷ ግን ነጠላዋን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ቀና አለች። እንባዋ አፍንጫዋ ላይ ደርሷል፤ አፏ ግን ይስቃል። ቀጭ አለ። ወዲያው ካሜራው ዓይኑን ሳይመልስ ጠፋ። ጎኔ ያሉት ሽማግሌ አዩትና «ምላሱን አውጥቶ ሞተ» አሉ።

ሰኞ፣ መልስ

ፎቶው ይግባ አይግባ አላወቅሁም። ዋጃ አዲስ ድንጋይ ገዛሁ፤ ለመክተት ግን ፈራሁ። ከሌለ መንገዱን ሁሉ ከማዝን ቤቴ ደርሼ ልዘን ብዬ ኪሴን እንደያዝኩ ቆቦ ገባሁ።

እትዬ ታደሉ ደጅ ፀሐይ ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀምጬ ድንጋዩን ከተትኩ። አለ! መስታወቱ ትንሽ፣ የእሷ ዓይን ደካማ፤ የቱ ጋ ናት አለችኝ። ልጄ ያላሳየኝን ሌላ ቁልፍ ስነካካ ፎቶው ተለቀና ፊቷ መስታወቱን ሞላው። እህቴ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። እናቷን መሰለች አለች። ከዚያ ከሥር ጥጉ ላይ የሚታየውን በጣቷ ጠቆመች።

«ይሄ የማን ጉልበት ነው?»

«የእኔ።»

«ጠባሳው የእኔን ጉልበት አስመስሎታል። ግድ የለም፣ አንድ ነን» ብላ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው፦ የኪስ ካሜራ የምትይዝ ሰው፣ ድንጋይ ደርበህ ያዝ፣ ቀድመህ ተጫን፣ ፀሐይን በጨርቅ ከልል። አታሳይ ብዬ ግን አልመክርህም፤ እንደገና ብሄድም አሳያለሁ።

ፎቶዎቹን ቆቦ አሳጥቤ አንድ በአንድ ስቆጥራቸው ስልሳ ሦስት ሆኑ። የሽንኩርት ነጋዴው አለ፣ ግመሎቹ አሉ፣ ዳሱን የሞላው ሰው ሁሉ አለ። የከድር እናት ግን በአንዱም የለችም። ሌላውን ሳነሳ እሷ ድስት ላይ ነበረች፤ በኋላ ደግሞ ድንጋዬን ስታገላብጥ። ለገበያ የመጣ የሰፈሯን ሰው ስሟን ጠየቅሁት፤ መልኳ ከሌለኝ ስሟ እንኳ ይኑረኝ ብዬ ነው። ዘሃራ ትባላለች።