የሲሃም አውራ ጣት

ፋሂም የእህቴ የሲሃም ባል ነው። ጅማ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መሣሪያው በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮን እየረጨ፣ ዓይን የማይደርስበትን የነገር ገጽ በስክሪን ያሳያል። ሥራውን ሲጠይቁት ግን «አቧራ አያለሁ» ይላል። ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈር ያለችው ጎረቤቱ አበራሽ፣ ባለ ሱቋ፣ «ለአቧራማ የኔ መደርደሪያ ይበቃህ ነበር» እያለች ትስቅበታለች።

ናሙና የምታዘጋጅለት ሲሃም ነበረች። ቆርጣና አድርቃ፣ ከአዝራር በማይበልጥ የብረት መቆሚያ ላይ ታጣብቅለታለች። ጠባቸው በጓንት ብቻ ነበር። እኛ ሰኮሩ ያደግነው አባታችን ቡና ሲገዛ እያየን ነው። ፍሬው በባዶ አውራ ጣት ካልታሸ አይታወቅም ብሎ አስተምሮናል። ሲሃም ቡና ሲመጣላት ጓንቷን ታወልቅና ታሻለች።

«የጣትሽ ወዝ እዚያ ውስጥ ተራራ ነው እኮ» ይላታል ፋሂም።

«ታዲያ ተራራውን ውጣዋ» ትለዋለች።

የካቲት ላይ ታማ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፋሂም ሥራ ገባ። በአራተኛው ቀን ደወለልኝ። «አባ ነጅላ» አለኝ እንደ ልማዱ በልጄ ስም፣ «ቢመጡ ይሻላል። የማሳይዎት አለ።»

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ሲሃም መጨረሻ ያዘጋጀችው ናሙና መሣሪያው ውስጥ ነበር፤ አያንቱ ለምትባል ተማሪ የተቆረጠ ግማሽ የቡና ፍሬ። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሜዳ ይታያል። በሜዳው ላይ እንደ እርሻ ትልም የተጠማዘዙ መስመሮች ነበሩ።

«የእሷ አሻራ ነው?»

«ሌላ ሰው አልነካውም።»

ከመስመሮቹ መሀል አንዱን ቦታ አቅርቦ ትንሽ ቆየ፤ መልሶ ሲያርቀው ያየነው ቦታ ጥቁር ካሬ ሆኗል።

«ኤሌክትሮን ያረፈበት ወዝ ይጠቁራል። ባየነው ቁጥር ይጠፋል» አለ። ከዚያ ጠርዙ አካባቢ ወዳለ ሌላ ካሬ ወሰደኝ። «ይሄን ዓርብ ነው ያየሁት። ዙሪያውን ይመልከቱ።»

በካሬው ዙሪያ መስመሮቹ ሳስተዋል። ካሬው ግን ወፍሯል።

«ወዙ በገጹ ላይ ይሄዳል፤ ወደሚታይበት ቦታ ይመጣል» አለ። «የታወቀ ነገር ነው፣ መጽሐፍ ላይ አለ።» ድምፁ ግን የታወቀ ነገር የሚናገር ሰው ድምፅ አልነበረም።

አየር የሚመጥጠው ሞተር ያጉረመርማል። ወንበሬን ከስክሪኑ ትንሽ ወደ ኋላ እንደሳብኩ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

አያንቱ በሩ ላይ ቆማ አንኳኳች። «ጋሼ ፋሂም፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ጥናቴን ሐሙስ ነው የማቀርበው።» ፍሬው የተለቀመበት ዛፍ ተቆርጧል፤ ሌላ ናሙና የላትም። በዚያ ወዝ ውስጥ ደግሞ የፍሬው ገጽ አይታይም።

ልጅቷ ወጥታ ስትጠብቅ ፋሂም ጥግ ያለ ትንሽ ሣጥን አሳየኝ። ወዝ የሚበላ መሣሪያ ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ ከወዙ ምንም አይተርፍም።

«የሲሃም ወንድም እርስዎ ነዎት። ምን ላድርግ?»

«ለልጅቷ ብላ አይደል ፍሬውን የያዘችው?»

«ለሷ ነው።»

«እንግዲያው አጽዳው።»

አንዴ ደግሞ ሊያይ እጁን ወደ መቆጣጠሪያው ሰደደና መለሰው። ፍሬውን በመቆንጠጫ አውጥቶ ከሣጥኑ ከተተ። ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቅን። ወደ ማይክሮስኮፑ ሲመለስ ሜዳው ባዶ ነበር፤ መስመሮቹም ካሬዎቹም የሉም። አያንቱ ምስሏን አንስታ፣ ሁለቴ አመስግና ሄደች።

ፋሂም መቆሚያውን አወጣና «ይዩት» ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ፍሬው ቀላል ነው። ስለ ጥራቱ እያሰብኩ ነበር መሰለኝ፤ ቀና ስል ፋሂም እጄን እያየ ነው። አውራ ጣቴ ፍሬውን እያሸ ነበር።

ፍሬውን ከእጄ ወስዶ ወደ መሣሪያው መለሰው፤ አየሩ እስኪመጠጥ ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ የተጠማዘዙት መስመሮች ወጡ።

«ያው ናቸው» አለ ፋሂም።

የኔ ጣት ነው አላልኩትም። አቅርቦ ሳያይ፣ ጥቁሩ ካሬ ሳይመጣ፣ መሣሪያውን ቶሎ አጠፋው።