አሥር ፍሬ ባቄላ

መምህሩ የኮቱ ክርን ቢያልቅም ክራቫቱን ሳያስር መካነ ሰላም ገበያ አይወጣም። ሰላም ሲሉት ግን መሬት መሬት እያየ ነው የሚመልሰው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከደሴው የክረምት ሥልጠና የተመለሰ ሰሞን፣ «ማባዣን እንደ ዳዊት መድገም ቀረ! ከእንግዲህ ልጅ በእጁ እየዳሰሰ ነው ሂሳብ የሚገባው» እያለ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

በስድሳ ስድስት፣ በዚያ በረሃብ ዓመት፣ ለየተማሪው እንዲቆጥርበት አሥር አሥር ፍሬ ባቄላ አደለ። መልሶ ሲሰበስብ እንቁ የምትባል ልጅ ሰባት ብቻ ሰጠችው።

«ሦስቱስ? ክፈቺ አፍሽን!»

ልጆቹ አውካኩ። ምላሷ ላይ አንዲት ፍሬ ሳትታኘክ ተቀምጣለች።

«ሁለቱን ዋጥኳቸው ጋሼ፤ ይቺን ለእማዬ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የሚያስቆጥረው በጠጠር ነው። በቀደም ከአውራጃ የመጣው ኢንስፔክተር ጠጠሩን አይቶ ወደደው።

«ለከላላም ለወረኢሉም ትምህርት ቤቶች እንነግራለን። ማን አሳየህ?»

«አንዲት ተማሪ።»

«ጎበዝ! በል ጥራትና ላመስግናት።»

መምህሩ የያዘውን ጠመኔ በጣቶቹ አደቀቀው።

«አሳፍሬያት እንደወጣች ቀረች። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄጄ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለበትም።»