ያለ እኔ ያለቀው ፎቶ

ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር፣ አንዲት ፈረንሳዊት መምህርት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ አዳሬም እዚያው ነው። ማዳም ሰገነቱ ላይ ቴሌስኮፕ ተክላ፣ ካሜራ ገጥማበት፣ ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለውን ትልቅ የጋዝ ደመና ፎቶ ታነሣ ነበር። ደመናውን የሚያበሩት እዚያው የተወለዱ ወጣት ኮከቦች ናቸው አለችኝ። በዓይኔ ሳየው ቁራጭ ጭስ ነው። ቀይ ቀለሙ የሚወጣው ብዙ ፎቶ ሲደራረብ ነው።

ችግራችን ክሊሙ ነበር፤ ጅቡቲ ኤር ኮንዲሽነሩን እንዲህ ነው የምንለው። የእኛም የጎረቤትም ሞተር አንድ ሰገነት ላይ ስለተቀመጠ፣ ሲነሣ ቴሌስኮፑን ያነቃንቀውና ፎቶው ላይ ኮከቡ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የብርዱ ወቅት ሲገባ፣ ማምሻውን የቤታችንን ክሊም በሙሉ አጠፋለሁ። ጎረቤት የምትሠራውን ያገሬን ልጅ ለምኜ የእነሱንም አስጠፋለሁ። "ጨርሻለሁ፣ ማዳም" ስል ካሜራው ይከፈታል።

"ፎቶው የሁለታችን ነው፤ ያለ አንቺ አልጨርሰውም" ትለኝ ነበር። እኔም አመንኩ።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ቴሌስኮፑን ሊገዛ መጣ። ማዳም ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ኖሯል፤ እኔ ቤት የምጠርገው ሴትዮ ከገዢው ሰማሁ። ይሠራል ወይ ብሎ ሲጠይቃት ኮምፒውተሯን ከፈተችለት።

"ባለፈው ዓርብ ጨረስኩት" አለችው።

ዓርብ የእኔ ዕረፍት ነው፤ ውጭ ነው የማድረው። ቡና ይዤ ከኋላቸው ቆሜ አየሁት። ቀዩ ደመና ተዘርግቷል፣ ወጣቶቹ ኮከቦች መሐሉ ላይ ጥርት ብለው ተሰብስበዋል። ቢበላሽባት ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አልተበላሸም።

ክሊሙን ማን አጠፋላት ብዬ ጎረቤት ሄድኩ።

"እኔ ነኝ" አለች ያገሬ ልጅ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። "ማዳም ናት፣ አትንገሪያት፣ ታዝናለች ያለችኝ።"

ሰው ማመን ቀብሮ ነው ሲባል የክፉ ሰው ወሬ ይመስለኝ ነበር።

ማዳም ስትሄድ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ፍሪጁንም ተወችልኝ። አልወስድም ብዬ ፎክሬ ነበር። ወሰድኩት፤ በጅቡቲ ሙቀት ኩራት ውሃ አያቀዘቅዝም። ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። ዛሬም የብርዱ ወቅት ገብቶ ኦሪዮን ሲወጣ፣ የፍሪጁ ሞተር ማጉረምረም ሲጀምር እጄ ሄዶ ይነቅለዋል። ከዚያ ገመዱን ይዤ እቆማለሁ። ጨርሻለሁ የምላት የለችም።